ኩበቱ ወደ ምድጃ ወይስ ወደ ማሳ? በጎጃም አንድ ቤተሰብ ቀለል ብሎና መሬቱን ጠብቆ ለመኖር የሚያደርገው ጥረት

ስለ ቁጠባና ተፈጥሮን ሳይጎዱ ስለመኖር ሲነሣ የከተማ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ፌስታልን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስንና የፀሐይ ኃይል መብራትን ነው። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ አርሶ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከምድጃው ነው። እንጀራው በእንጨት ይጋገራል ወይስ በኩበት? እንጨቱ ከየት ይመጣል? ኩበቱስ ባይነድ ኖሮ የት ይውል ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ እናት በሳምንት ስንት ሰዓት እንጨት ፍለጋ እንደምትወጣ፣ ሕፃናቱ ምን ያህል ጢስ እንደሚስቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአዝመራ ከማሳው የተወሰደው ለምነት ወደ ማሳው መመለስ አለመመለሱን ይወስናል።

ጉዳዩን የምመለከተው በምዕራብ ጎጃም በደምበጫ ዙሪያ በሚኖርና በቅርብ በማውቀው አንድ ቤተሰብ በኩል ነው። አባወራው፣ እማወራዋ፣ አራት ልጆችና የአባወራው እናት በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ በተለያየ ቦታ የተበጣጠሰው መሬታቸው ተደምሮ አንድ ሄክታር አይሞላም። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከጥጃዋ ጋር፣ አንድ አህያና ጥቂት ዶሮዎች አሏቸው። በአካባቢው ሚዛን ድሃም ሀብታምም የማይባሉ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቤታቸውን አኗኗር ሆን ብለው እየለወጡ መጥተዋል፤ ከሞከሩት ነገር ሁሉ ፍሬውም ፈተናውም የከበደው ምድጃውንና የከብቱን እበት ማለያየት ነው።

ወደዚህ የገፋቸው የአካባቢ ጥበቃ ስብከት አልነበረም፤ የማዳበሪያ ዋጋ ነው። የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በተጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ ጭማሪው እስከ ጎጃም ማሳ ድረስ ደረሰ። በተከተለው በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ገንዘቡ ቢኖርም ማዳበሪያው በጊዜው አልገኝ ብሎ በአማራ ክልል አርሶ አደሮች አቤቱታቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሱቅ ዕቃን ማግኘት አስቸጋሪ አደረገው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወደደ። በዚህ መካከል ባልና ሚስቱ ቁጭ ብለው ቤታቸው በገንዘብ የሚገዛቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ማዳበሪያ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ልብስ፣ የድግስ ወጪ እያሉ ሲዘረዝሩ ማዳበሪያው ሁሉንም በልጦ ተገኘ። ለመሬቱ የሚበጀውን ነገር በብድር እየገዙ፣ በእጃቸው ያለውን በየማለዳው እሳት ውስጥ እንደሚጨምሩት የገባቸውም ያን ጊዜ ነው።

እበት ሲነድ ምን እንደሚጠፋ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ኩበት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሁሉ ማለት ይቻላል በጢስ መልክ አየር ላይ ይበተናል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰው፣ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገውና ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ነገሮች የሚመግበው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። በአመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ናቸው። እበቱ ለምድጃ፣ ገለባው ለከብት፣ የበቆሎ አገዳው ለማገዶ ከዋለ ለማሳው የሚተርፍለት ሥሩ ብቻ ይሆናል። ዓመት ዓመት ሲወሰድበት የኖረ መሬት በገዛ አቅሙ ማብቀል ሲያቅተው፣ ገበሬው የማዳበሪያውን መጠን እየጨመረ ምርቱ ግን ባለበት ሲረግጥ ማየት በጎጃም የተለመደ ሆኗል።

ስለዚህ ቤተሰቡ በመጀመሪያ ያደረገው ማዳበሪያ መቀነስ ሳይሆን ማገዶ መቀነስ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ይመስለኛል። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ክፍት በሆነው ሦስት ጉልቻ ላይ ሰፊ ምጣድ ሲጣድ ከነበልባሉ ብዙው በየጎኑ ያመልጣል፤ ጋጋሪዋም ፊቷን እየለበለባት፣ ጢሱም ዓይኗን እያስነባት ትጨርሳለች። «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገጣጣሚ መልክ የሚሠራው ምድጃ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ዘግቶ ስለሚይዘው ከክፍት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከኋላው በሚተወው ቀዳዳ የሚወጣው ትኩስ ጢስ ድስት ስለሚያሞቅ ወጡም በዚያው ይሠራል። ይህ ተራ የቤት ዕቃ ጉዳይ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከሟቾቹም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ምድጃው መልካም የሚሆነው ግን ለምጣዱ ልክ ሆኖ ሲሠራና ስንጥቁ በየጊዜው በጭቃ ሲለሰን ነው። የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ምድጃ አንዱ ክፍል ሲሰበር የሚተካው ባለሙያ በቅርብ ስላልተገኘ ለአንድ በጋ ወደ ጉልቻ ተመልሰዋል። ምድጃ የሚያከፋፍሉ ፕሮጀክቶች የሸጡትን ወይም የሰጡትን ብዛት ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እየሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ምድጃው ከተገኘ በኋላ ያልጠበቁት ችግር መጣ። ከምድጃ የተረፈው እበት በቀጥታ ወደ ማሳ አልገባም፤ ኩበት ሆኖ ወደ ከተማ ገበያ ወጣ። ኩበት በከተማ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ በተለምዶ የእማወራዋ ነው፤ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተር ከዚያ ይገዛል። አባወራው ኩበት እንዳይሸጥ ሲል ለእርሱ የማሳ ጉዳይ ነበር፤ ለእርሷ ግን በእጇ ያለችውን ብቸኛ ገንዘብ ማጣት ነበር። ስለ ተፈጥሮ ማዳበሪያ በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ይህ ነገር ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ ነገሩ የተንጠለጠለው ግን በዚህ ላይ ነው። የኩበት ዋጋ ዛሬ በእጅ ይገባል፤ እበቱ ከቅጠልና ከገለባ ጋር በስብሶ የሚሆነው የብስባሽ ማዳበሪያ ዋጋ ግን የሚመጣው ከርሞ ነው፤ እሱም አዝመራው ከተሸጠ በአባወራው ኪስ በኩል። ቤተሰቡ ያገኘው መፍትሔ የጓሮውን መሬት ለእማወራዋ መተው ነበር። ብስባሹ አስቀድሞ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከጓሮው የሚገኘው የጎመን፣ የቃሪያ፣ የሽንኩርትና የጌሾ ገንዘብም የእርሷ ነው። ጌሾው ሥር ይዞ ቅጠሉ ለገበያ እስኪደርስ ድረስ ኩበት መሸጡ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ እንዲቆም መጠየቅም ተገቢ አልነበረም።

አሁን ስለ ብስባሹ ራሱ። በጎጃም ክረምቱ ከወጣ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ አረሙ፣ ሣሩና የቅጠላ ቅጠሉ ዘር ሁሉ ገና እርጥብ ነው፤ የብስባሽ ጉድጓድ የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። አገዳና ገለባ ከሥር ይነጠፋል፤ በላዩ እርጥብ ቅጠል፣ እበትና ከከብቶቹ ሥር የተጠረገው ሽንት የጠጣ ጉዝጓዝ፣ ጥቂት አመድና አፈር እየተፈራረቀ ይደረባል። ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየተገላበጠ በሦስትና በአራት ወር ይበስላል፤ መዘግየቱ የሚጎዳው ለበቆሎ ዘር ሳይደርስ ሲቀር ነው። ውኃ በታኅሣሥና በጥር ስለሚያጥር ክምሩ ደርቆ እንዳይቀር በኮባ ቅጠልና በሣር መሸፈን አለበት። አያትየው በዚህ ሥራ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ በልጅነታቸው ከብቱን በማሳ ላይ በበረት እያዟዟሩ መሬት ማዳበር የተለመደ እንደነበር ያስታውሳሉ።

ብስባሽ ሁሉን ይተካል የሚሉትን ግን አልከተልም። አንድ ኩንታል የዩሪያ ማዳበሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ገበሬ በጉድጓድ የሚያዘጋጀው ብስባሽ ናይትሮጅን ከደረቅ ክብደቱ ከ1 በመቶ ብዙም ስለማይርቅ፣ ያንኑ መጠን ለማግኘት ወደ 46 ኩንታል ደረቅ ብስባሽ ማዘጋጀትና በትከሻ ወይም በአህያ ማጓጓዝ ያስፈልጋል። ይህ በሁለት በሬና በአንዲት ላም እበት ለጓሮና ለቤት አቅራቢያ ማሳ ይሆናል እንጂ ሸለቆ ተሻግሮ ላለው የጤፍ መሬት አይደርስም። ቤተሰቡም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የቅርቡ የበቆሎ ማሳ በብስባሽ፣ የሩቁ ጤፍ በጥቂት ዩሪያ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነቱ በግልጽ የታየው ብስባሽ የገባበት መሬት ዝናብ ለሳምንት ሲቋረጥ ቶሎ አለመጠውለጉና በሬዎቹ ሲያርሱት መቅለሉ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የጎጃም አፈር የራሱ ሕመም አለበት፤ አሲዳማነት። ለረጅም ዘመን በከባድ ዝናብ የታጠበው የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቷል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር የተገዛው ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ አያገኘውም። ፍቱን መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ግን ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዣው ከኖራው ይከብዳል። የምድጃ አመድ በመጠኑም ቢሆን የኖራን ሥራ ይሠራል። እነዚህ ሰዎች አመዱን በሰፊ ማሳ ላይ ከመበተን ይልቅ እየሰበሰቡ በጓሮው ላይ ማዋላቸው ያለውን ጥቂት ነገር በሚታይበት ቦታ ማዋል ነው።

ባዮጋዝም፣ ማለትም እበት በተዘጋ ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣውን የሚነድ ጋዝ፣ አስበው ነበር። አማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም መጀመሪያ ከታቀፉት አራት ክልሎች አንዱ ነው፤ ጋዙ መብራትና የወጥ ማብሰያ እሳት ይሰጣል፤ ዝቃጩም ከኩበት በተቃራኒ ለምነቱን እንደያዘ ወደ ማሳ ይገባል። ነገር ግን ጉድጓዱ ውስጥ በየቀኑ የሚጨመረው እበት በእኩል መጠን ውኃ መበጥበጥ አለበት፤ ከብቶቹ ጥቂት፣ ምንጩም ሩቅ ለሆነበት ቤት ይህ ለሴቶቹ ተጨማሪ ሸክም ነው። ትንሹ የጋዝ ምድጃም እንጀራ ለመጋገር አይመችም። ስለዚህ ተዉት፤ አራትና አምስት ከብት አስሮ ለሚቀልብና ውኃ ለቀረበለት ቤት ግን እኔም እመክራለሁ።

ብስባሹ ማሳ ላይ መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ እዚያ መቆየትም አለበት። ተዳፋት ላይ የተበተነ ብስባሽ እርከን ከሌለው በመጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ ታጥቦ ወደ ጅረት ይወርዳል። ከደምበጫ ብዙ በማይርቀው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በዚህ ጉዳይ ሀገሪቱ ካሏት ረጅም መዝገቦች አንዱን ይዟል፤ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በዚያ ተዳፋት ላይ አፈሩን ወደ ላይ እያወጡ የሚሠሩት እርከኖች በዓመታት ውስጥ መሬቱን ደረጃ በደረጃ ደልዳላ አድርገውታል። በሀገር ደረጃ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ይታጠባል የሚለው የቆየ ግምት የተሠራውም እንዲህ ካሉ ጣቢያዎች በተገኘው ልምድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከጮቄ ተራራ ጀምሮ በየወንዙ የሚወርደው የጎጃም አፈር መድረሻው ዓባይ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ። ቤተሰቡ በዘመቻ የተሠራውን እርከን ዴሾ የተባለ የመኖ ሣርና ትሪ ሉሰርን የተባለ የመኖ ዛፍ ተክሎበታል፤ ሣሩ እየታጨደ ለከብቱ ይሰጣል፤ ከብቱ ታስሮ ሲቀለብ እበቱ በግቢው ይሰበሰባል። እርከኑ፣ ከብቱና ብስባሹ በዚህ ተያይዘዋል። ቀሪው ፈተና ከአዝመራ በኋላ የሚለቀቀው የጎረቤት ከብት ነው፤ ልቅ ግጦሽን አንድ ቤት ብቻውን ሊያስቆመው አይችልም።

ማገዶውስ? ግቢው ጥግ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ መመካታቸው እውነት ነው፤ በጎጃም ባሕር ዛፍን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ያለ እርሱ ግን የቀረው የሀገር በቀል ዛፍ ቀድሞ በነደደ ነበር። ጥፋቱ ከምንጭና ከእርሻ ዳር ሲተከል ነው። በአዊ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የተባለው ግራር የሰጠው ትምህርት ከዚህ ይጠልቃል። ገበሬው አሲዳም ሆኖ ገብስ እንቢ ያለ መሬቱን በችግኝ ሞልቶ በመጀመሪያው ዓመት መካከሉን ጤፍ እየዘራ፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል እያከሰለ ብዙ ገቢ አገኘ፤ መሬቱም ተሻለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ገብቶ ሰፊ ተክል አደረቀ፤ ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ የጣለ ሁሉ አብሮ ተጎዳ። የደምበጫዎቹ ሰዎች ከዚህ ተምረው ዋንዛ፣ ወይራና ብሳና በየድንበሩ እያስገቡ ነው፤ ዘሩን የሚያገኙት ጥንታዊውን ደን ጠብቆ ካቆየው ከአቅራቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ኤሌክትሪክ ማገዶን ይተካል የሚለው ተስፋ ለጊዜው ከከተማ አልወጣም። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ አስተማማኝ መስመር ካልደረሰ በቤት ጣሪያ ላይ ባለች ትንሽ የፀሐይ ፓኔል አይጋገርም። ፓኔሏ ኩራዙን ተክታለች፤ ልጆቹ ማታ ያነባሉ፤ ስልክ ይሞላል፤ በዚህ በቂ ሥራ ሠርታለች።

በምግብና በሱቅ ዕቃ በኩል ለውጡ ጸጥ ያለ ነው። ጤፉ አብዛኛው ይሸጣል፤ የቤቱ እንጀራ ዳጉሳና በቆሎ የተደባለቀበት ነው፤ ይህም የጎጃም ቤት ከጥንት የሚያውቀው ነገር ነው። ከውጭ የሚገባው ዘይት ሲወደድ ኑግ መዝራት ጀመሩ። በጾም ወራት ሽሮው፣ ተልባውና የጓሮው ጎመን ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ቤቱን ይመግባል። ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል፤ ለእነርሱ ግን ከአዋጁ በፊትም ፌስታል የበላች ላም ስትሞት ማየታቸው ዘንቢል ይዞ ገበያ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነበር። በጣሪያው ጠርዝ ያሰሩት አሸንዳም እንዲሁ ቀላል ነገር ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ ከዚህ የሚቸግረው ማጠራቀሚያው ነው እንጂ ውኃው አይደለም።

ቀለል ብሎ መኖር ከሁሉ የሚከብደው በድግስ ላይ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር የቤተሰቡ ብቻ አይደሉም፤ የዕድሩም፣ የማኅበሩም፣ የዘመድ አዝማዱም ናቸው። ለጠላና ለአረቄ የሚነደው እንጨት፣ የሚታረደው በሬ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚከፈለው ብድር የወራትን ቁጠባ በሁለት ቀን ይበላል። ይህ ቤተሰብ የአያትየውን ባል ተዝካር ለቀበሌው ሁሉ ከመደገስ ለካህናትና ለነዳያን ብቻ ሲያደርግ ዘመዶች ቅር ብለዋል፤ ንፉግ ተብለዋል። እኔ የተዝካርን መንፈሳዊ ትርጉም አከብራለሁ፤ ምጽዋቱና ጸሎቱ በዕዳ መታጀብ አለበት ብዬ ግን አላምንም። በዚህ ረገድ አንድ ቤት ከሚታገል ይልቅ ዕድሩ ራሱ የድግስን ልክ ቢወስን ማንም ሰው በስስት አይታማም። አንዳንድ ዕድሮች ይህን አድርገዋል፤ ካህናቱ ሲደግፉት ደግሞ በፍጥነት ይሰምራል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጣል። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ክፍፍል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያደጉ ወጣቶች አብዛኞቹ የሚያርሱት የወላጅን ወይም የሌላውን መሬት ተከራይተው ወይም ምርቱን በእኩል ለመካፈል ተስማምተው ነው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያ ልጅም ትዳር ከያዘ በኋላ የሚያርሰው የጎረቤት መሬት ነው፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። በወላጆቹ ጓሮ ብስባሽ ሲያገላብጥ ያደገ ልጅ ነው፤ በተከራየው መሬት ላይ ግን አንዲት ቅርጫት አይጨምርም፤ ለምን ይጨምራል? የብስባሹ ጥቅም በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሲመጣ መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ዩሪያ ግን የተዘራበት ዓመት ይከፍላል። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውሎችን ሲመዘግብ ባለመሬቱና አራሹ ለአምስትና ለስድስት ዓመት እንዲዋዋሉ፣ አራሹ በእርከንና በብስባሽ ላይ ያወጣው ድካምም ውሉ ሲቋረጥ እንዲታሰብለት በጽሑፍ እንዲያስገቡ ቢያበረታታ፣ ወጣቱ ከአባቱ ግቢ የተማረውን ሥራ በተከራየው ማሳ ላይ ለመጀመር ምክንያት ያገኛል።